የእግረኛን ሕይወት የሚታደገው ኮፈን፦ ሴንሰሮቹና ማስነሻዎቹ እንዴት በጥንቃቄ ይተካሉ?

ዱባይ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና አንድን እግረኛ ሲገጭ የመጀመሪያው ምት የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። ወዲያው ሰውነቱ ወደ መኪናው ይታጠፋል፤ ጭንቅላቱም ከኮፈኑ ወይም ከፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ጋር ይላተማል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለችው ቅጽበት ነው። በዚያችው ቅጽበት ግን በበርካታ ዘመናዊ መኪናዎች ላይ ሌላም ሥራ ይከናወናል። በፓራውልቱ ውስጥ የተደበቁ ሴንሰሮች የተመታው ነገር የሰው እግር ሊሆን እንደሚችል ይለያሉ፤ የመኪናው ኮምፒዩተር ይወስናል፤ በኮፈኑ ማጠፊያዎች አጠገብ የተተከሉ ማስነሻዎችም የኮፈኑን የኋላ ክፍል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይገፉታል። የእግረኛው ጭንቅላት ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ፣ ሥር ካለው ብረት ጋር ከመጋጨቱ በፊት የሚረግብበት ክፍተት ያገኛል ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት ከሌሎች የመኪና ደኅንነት መሣሪያዎች የሚለየው አንድ ነገር አለ። ቀበቶውም ሆነ ኤርባጉ የሚጠብቁት መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ነው። ይህኛው የሚጠብቀው ውጭ ያለውን፣ ለመኪናውም ለጥገናውም ምንም ያልከፈለውን መንገደኛ ነው። ስለዚህም ጥገናው ሲጓደል ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ጋራዡ ደጃፍ ቆሞ ሊጠይቅ አይችልም። የጥገናው ጥራት በመካኒኩ ሙያና በባለ መኪናው ኅሊና ላይ ብቻ የተመሠረተ ይሆናል።

የጉዳዩ ክብደት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ይፋ ባደረገው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት መሠረት፣ በመንገድ ትራፊክ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ 23 በመቶ ያህሉ እግረኞች ሲሆኑ፣ በ2021 ብቻ 274 ሺህ እግረኞች ሞተዋል። ቁጥሩ ከ2010 ጋር ሲነጻጸር በ3 በመቶ ጨምሯል።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለእግረኛ ደኅንነት የሰጠችው ትኩረት በሕጎቿ ላይ ይታያል። በተፈቀደ ማቋረጫ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ ያልሰጠ አሽከርካሪ 500 ድርሃም ይቀጣል፤ 6 ጥቁር ነጥብም ይመዘገብበታል። ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የፌዴራል የትራፊክ ሕግ ደግሞ እግረኞች የፍጥነት ወሰናቸው ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚበልጡ መንገዶችን እንዳያቋርጡ ይከለክላል። ሕጉ የሰውን ጠባይ ይገራል፤ ሕጉ ሳይከበር የቀረ እንደሆነ ግን የመጨረሻው መከላከያ የሚሆነው የመኪናው አሠራር ነው።

አውቶሞቢል አምራቾችም ወደዚህ ሥራ የገቡት በፍላጎት ብቻ ሳይሆን በሕግ ግፊት ጭምር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ያወጣው መመሪያና በ2008 በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ ቁጥር 9 የመኪናዎች የፊት ክፍል በእግረኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲለካ አዝዘዋል። በደንቡ መሠረት የሕፃንን ጭንቅላት የሚወክል 3.5 ኪሎ ግራም፣ የአዋቂን ጭንቅላት የሚወክል ደግሞ 4.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሉል በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ኮፈኑ ይወረወራል። ኮፈናቸው ዝቅ ያለና ከሞተሩ ጋር የተቀራረበ መኪናዎች ይህን ፈተና ለማለፍ መፍትሔ ያደረጉት ራሱን የሚያነሣ ኮፈን ነው። በ2005 ለገበያ የቀረበው ሲትሮየን ሲ6 ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ቮልቮ በ2012 በቪ40 ሞዴሉ ላይ ለእግረኛ የሚሆን የውጭ ኤርባግ በመግጠም የመጀመሪያው ሆኗል።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

ሥርዓቱ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሴንሰሩ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ በፓራውልቱ ሽፋንና በኋላው ባለው የብረት አግዳሚ መካከል የፎም ትራስ ይገኛል። በዚህ ፎም ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ አየር የያዘ ለስላሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ የግፊት ሴንሰሮች ይገጠማሉ። አንድ ነገር ፓራውልቱን ሲመታ ፎሙ ቱቦውን ይጫነዋል፤ የአየሩም ግፊት ይጨምራል። በሌሎች ሞዴሎች ላይ በቱቦው ፈንታ ድንገተኛ የፍጥነት ለውጥን የሚለኩ ሁለት ወይም ሦስት ሴንሰሮች ከፓራውልቱ ጀርባ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ክፍል ውሳኔ ሰጪው ኮምፒዩተር ነው። በአብዛኛው ይህ የኤርባጎቹ መቆጣጠሪያ ራሱ ነው። የምቱን ኃይልና ቅርጽ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል። ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ከ20 ወይም 25 እስከ 50 ወይም 55 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት መካከል ነው።

ሦስተኛው ክፍል ማስነሻው ነው። በኮፈኑ የግራና የቀኝ ማጠፊያዎች አጠገብ አንድ አንድ ሲሊንደር ይገኛል። በውስጡ ያለው ጥቂት ተቀጣጣይ ንጥረ ነገር በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዳንድ ሞዴሎች በተቀጣጣይ ፈንታ የታመቀ ሞላ ይጠቀማሉ፤ እነዚህ ከሥራ በኋላ እንደገና ሊታመቁ ይችላሉ። ተቀጣጣይ ያላቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ መተካት አለባቸው።

በዚህ ላይ መለየት የሚገባው ነገር አለ። በካሜራና በራዳር እግረኛን አይቶ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ያኛው ግጭቱ እንዳይደርስ ይሠራል፤ ይህኛው ግጭቱ ከደረሰ በኋላ ጉዳቱን ይቀንሳል። አንደኛው መኖሩ የሌላኛውን ብልሽት አይተካም።

ብልሽቱ ከየት ይመጣል?

ኮፈኑ በሰው ብቻ አይነሣም። ሴንሰሩ የሚያውቀው የምቱን ጠባይ እንጂ የተመታውን ማንነት አይደለምና፣ እንስሳ፣ የመንገድ ዳር ምሰሶ፣ ወይም በበረሃ ጉዞ ላይ በፍጥነት የተመታ የአሸዋ ክምር ሊያስነሣው ይችላል። በተቃራኒው በመኪና ማቆሚያ ቦታ የደረሰች ትንሽ ግጭት ኮፈኑን ሳታስነሣ ቱቦውን ልትቆነጥጠው፣ ወይም የሴንሰሩን መያዣ ልትሰነጥቀው ትችላለች። ከውጭ ሲታይ ፓራውልቱ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ውስጡ ግን ተጎድቷል።

ውኃም ሌላው ምክንያት ነው። በኤፕሪል 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የጣለው ዝናብ የአየር ሁኔታ መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ነበር፤ በርካታ መኪናዎችም በጎርፍ ተውጠዋል። በፓራውልት ውስጥ ያሉ የሽቦ ማገናኛዎች ውኃ ከገባባቸው ዝገቱ ወዲያው ሳይሆን ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ከዚህም ሌላ ከፓራውልቱ ፊት የሚገጠሙ የብረት መከላከያዎች የምቱን ጠባይ ስለሚለውጡ ሴንሰሩ በትክክል እንዳይለይ ያደርጉታል።

ኮፈኑ ከተነሣ አሽከርካሪው ቦታው እንደፈቀደለት ወደ ዳር ወጥቶ መቆም ይኖርበታል። የተነሣው ኮፈን እይታን ይጋርዳል፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው ብረትም የሚያቃጥል ትኩሳት ሊኖረው ስለሚችል ወዲያው መንካት አይገባም።

ከመፍታት በፊት

ይህ ሥራ ሥልጠና ላለው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ነው። ይሁንና ባለ መኪናው ሂደቱን ማወቁ ትክክለኛውን ጥገና ከማስመሰያው እንዲለይ ይረዳዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ የኮምፒዩተር ምርመራ ነው። ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት የተመዘገቡት የብልሽት ኮዶች ተነብበው ይቀመጣሉ። የኤርባግ መብራት መብራቱ ብቻውን የትኛው ክፍል እንደተበላሸ አይናገርም። መለዋወጫውም የሚታዘዘው በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ነው። መልኩ የተመሳሰለ ሴንሰር ለሌላ ፓራውልትና ለሌላ ፎም ተለክቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። መኪናው ይጠፋል፤ ቁልፉም ከመኪናው ይርቃል። ኮፈኑ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ አስቀድሞ መከፈት አለበት፤ አለዚያ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ መክፈት ችግር ይሆናል። ከዚያም የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀልና ተመልሶ እንዳይነካ ተደርጎ ይታሰራል። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱም ይነቀላሉ። የሬዲዮና የሰዓት ቅንብር እንዳይጠፋ ሲባል ከውጭ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ማያያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ባትሪው መነቀሉ ብቻውን በቂ አይደለም። መቆጣጠሪያው በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቆረጥም እንዲሠራ ታስቦ በውስጡ ኃይል ያከማቻል። ይህ ኃይል እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጊዜው እንደ መኪናው ከ1 ደቂቃ እስከ 10 ደቂቃና ከዚያም በላይ ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ ማየት ግድ ነው። በኤሌክትሪክና በሃይብሪድ መኪናዎች ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች በፊት ክፍሉ ስለሚያልፉ፣ አምራቹ ለዚያ ያወጣው የተለየ ሥርዓት ይጨመራል።

ሴንሰሮቹን መተካት

ፓራውልቱ ከወረደ በኋላ ቱቦው፣ ፎሙ፣ ሴንሰሮቹና ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የተቆነጠጠ፣ የተጠመዘዘ ወይም የተቆረጠ ቱቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ወይም በማጣበቂያ ተጠግኖ አይመለስም፤ በአዲስ ይተካል። በብዙ ሞዴሎች ቱቦውና ሁለቱ ሴንሰሮች እንደ አንድ ዕቃ ስለሚቀርቡ አብረው ይለወጣሉ። አዲሱ ቱቦ በቦዩ ውስጥ ሳይወጠርና ሳይጣመም ከጫፍ እስከ ጫፍ መቀመጥ አለበት።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ፎሙ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ወይም በሌላ ስፖንጅ የተተካ ፎም ከፓራውልቱ ሽፋን ሥር ስለማይታይ ምንም የጎደለ አይመስልም። ነገር ግን ሴንሰሩ የሚያነበው የፎሙን መታመቅ ነው። ፎሙ ከጠነከረ ወይም ከላላ ኮምፒዩተሩ የሚደርሰው መረጃ የተዛባ ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ የተሰነጠቀ ፓራውልትን በወፍራም ስቱኮ መሙላትም የምቱን አተላለፍ ሊለውጥ ይችላል።

የፍጥነት ለውጥን የሚለኩት ሴንሰሮች በላያቸው ላይ በተመለከተው አቅጣጫ ይገጠማሉ። የሚያርፉበት ቦታ ከዝገትና ከትርፍ ቀለም የጸዳ፣ ብሎኑም አምራቹ በወሰነው መጠን የጠበቀ መሆን አለበት። የላላ ሴንሰር በመንገዱ ንዝረት ይሳሳታል። መሬት ላይ የወደቀ ሴንሰር ከውጭ ደኅና ቢመስልም አይገጠምም።

ማስነሻዎቹን መተካት

ከፍተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ያልፈነዳ ማስነሻ የኮፈንን ክብደት በቅጽበት የሚያነሣ ኃይል ይዟል። የሰው እጅ ወይም ፊት ከዘንጉ ፊት ለፊት ቢገኝ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከመንካቱ በፊት የመኪናውን ባዶ ብረት በመንካት በሰውነቱ ላይ የተከማቸውን የኤሌክትሪክ ሙል ያስወግዳል። ማስነሻው ሲያዝ ዘንጉ ከሰውነት ወዲያ ይዞራል። ማንም ሰው ጭንቅላቱን በኮፈኑና በሲሊንደሩ መካከል አያስገባም።

በማስነሻው ጫፎች ላይ ቴስተር አስገብቶ መለካት ክልክል ነው። መለኪያው ራሱ የሚልከው ጥቂት ኤሌክትሪክ ብልጭታውን ሊያስነሣ ይችላልና። የማስነሻው ሁኔታ የሚታወቀው በምርመራ ኮምፒዩተሩ በኩል ብቻ ነው። በመዶሻ መምታት፣ አጠገቡ መበየድ፣ ወይም መኪናውን ከነማስነሻው ቀለም ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ የአምራቹን የሙቀት ወሰን ሳይመለከቱ ማስገባት እንዲሁ አደገኛ ነው። በባሕረ ሰላጤው የበጋ ሐሩር ደግሞ አዲሱን ማስነሻ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ማሳደር አይገባም፤ እስኪገጠም ድረስ በማሸጊያው ውስጥ በጥላ ይቀመጣል።

ሁለቱም ማስነሻዎች በአንድነት ስለሚሠሩ ከሥራ በኋላ ሁለቱም ይተካሉ። ከእነርሱ ጋር አምራቹ እንዲለወጡ የሚያዛቸው ማጠፊያዎች፣ ፒኖችና ብሎኖች ይኖራሉ። ማጠፊያው ኮፈኑ ሲነሣ እንዲታጠፍ ወይም እንዲላቀቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ባትላሜራው አቃንቶ ወይም በብየዳ አጠንክሮ ቢመልሰው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማስነሻው ቢፈነዳም ኮፈኑ ላይነሣ ይችላል። መቆጣጠሪያው ኮምፒዩተርም በአንዳንድ ሞዴሎች የግጭቱን መረጃ በቋሚነት ስለሚመዘግብ መለወጥ ይኖርበታል። ሽቦ ከተጎዳ አምራቹ በፈቀደው ማያያዣ ወይም በአዲስ ሽቦ ይጠገናል።

ባትሪውን መመለስና ማረጋገጥ

ሁሉም ነገር ከተገጠመና ማገናኛዎቹ ከተቆለፉ በኋላ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በሥርዓት ነው። መኪናው ውስጥም ሆነ ኮፈኑ አጠገብ ሰው አለመኖሩ ይረጋገጣል። በዚህ ጊዜ የተሳሳተ ግንኙነት ቢኖር ማስነሻው ሊፈነዳ ይችላልና፣ ቁልፉን የሚከፍተው ሰው ከኮፈኑ ርቆ አምራቹ ባዘዘው መንገድ ይከፍታል። መብራቱ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራም ችግር አለ ማለት ነው፤ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላልና።

ከዚያም አዲሶቹ ክፍሎች ለኮምፒዩተሩ ይተዋወቃሉ፤ የቀድሞዎቹ ኮዶች ይሰረዛሉ፤ ምርመራውም እንደገና ይደረጋል። ፓራውልቱ በወረደበት መኪና ላይ ራዳር ካለ የአቅጣጫው ልኬት ይስተካከላል። በመጨረሻም በኮፈኑና በፓራፋንጎዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑ ይታያል።

መብራት ማጥፋትና መጠገን

በገበያው ላይ አሳሳቢ የሆነ ማጭበርበር አለ። የተቃጠለው ማስነሻ ሳይተካ በሽቦው ጫፍ ላይ አንዲት ሬዚስተር ይገጠማል። ኮምፒዩተሩ የሬዚስተሯን ተቃውሞ አንብቦ ማስነሻው ደኅና ነው ብሎ ያምናል፤ መብራቱም ይጠፋል። ሌሎች ደግሞ የኮምፒዩተሩን ቅንብር ለውጠው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ሥርዓቱ ያልነበረው ያስመስሉታል። አሽከርካሪው ምንም አይጎድልበትም፤ መኪናው እንደ ወትሮው ይነዳል። ልዩነቱ የሚታወቀው አንድ ቀን ከመንገድ ዳር የወጣ ሕፃን ሲገጭ፣ ኮፈኑ ሳይነሣ ሲቀር ብቻ ነው።

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪውን የሚመለከትበት የራሱ ምክንያት አለ። በዱባይና በሻርጃ ጋራዦችና የመለዋወጫ ገበያዎች የሚሠሩና የሚገበያዩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከዚህ ተጠግነው ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩ መኪናዎችም አሉ፤ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህም የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዚሁ በባሕረ ሰላጤው በኩል ይጓዛሉ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በሻርጃ የተገጠመች አንዲት ሬዚስተር ውጤቷ ሊታይ የሚችለው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ነው።

ያገለገሉ ማስነሻዎችን ከሰክራብ መግዛትም አይመከርም። ዕቃው ውኃ ይግባበት፣ ይውደቅ፣ ለሙቀት ይጋለጥ ገዢው ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም በላይ እነዚህ ዕቃዎች በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ምደባ ውስጥ ይገኛሉ፤ እንደ ኤርባግ ሁሉ አብዛኞቹ በቁጥር 3268 በክፍል 9 ይመደባሉ። በመሆኑም ማስነሻን ልብስ መካከል ጠቅልሎ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን ማስገባት የተከለከለ ነው። ዕቃው መላክ ካለበት በአደገኛ ዕቃ ደንብ መሠረት ታሽጎና ተመዝግቦ በካርጎ ይላካል። ያልፈነዳ አሮጌ ማስነሻም ወደ ቆሻሻ ገንዳ አይጣልም፤ ለወኪሉ ወይም ፈቃድ ላለው አስወጋጅ ይመለሳል።

ባለ መኪናው ምን መጠየቅ ይችላል?

የተጎዳ መኪናውን ከጋራዥ የሚረከብ ወይም ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በጥቂት ጥያቄዎች ብዙ ማወቅ ይችላል። በሻንሲ ቁጥሩ መሠረት መኪናው ይህ ሥርዓት ያለው መሆኑን ከወኪሉ ማረጋገጥ፣ የተተኩትን ዕቃዎች ቁጥር የያዘ ደረሰኝ መጠየቅ፣ የተፈቱትን አሮጌ ክፍሎች እንዲያሳዩት ማድረግ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተደረገውን የኮምፒዩተር ምርመራ ውጤት በወረቀት መቀበል፣ ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋቱን በዐይን ማየት። ጋራዡ እነዚህን ለማቅረብ ካመነታ መልሱ በማመንታቱ ውስጥ ይገኛል።

አዲስ ሴንሰርና ሁለት ማስነሻ ዋጋቸው ቀላል አይደለም፤ የሚከፍለውም ሰው ጥቅሙን በራሱ ላይ አያየውም። ሆኖም መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ወደ ቤቱ በእግሩ የሚሄድ አሽከርካሪ፣ በዚያ ምሽት መንገድ ሲያቋርጥ እርሱም እግረኛ ነው። ወደ እርሱ የሚመጣው መኪና ኮፈን በትክክል ተጠግኖ እንደሆነ የሚወስነው ሌላ የማያውቀው ባለ መኪና ይሆናል።